ባሕር ማዶ ለተመደባችሁ ወታደር ቤተሰቦች፦ ለልጅ ሕክምና በመንግሥት ወጪ ወደ አሜሪካ የመመለሻ መንገድ

ይህ ጽሑፍ በአሜሪካ ጦር ውስጥ ለምታገለግሉና ከቤተሰባችሁ ጋር ጀርመን፣ ጣሊያን፣ ኮሪያ ወይም ጃፓን ለተመደባችሁ አበሾች ነው። ልጃችሁ ታሞባችኋል እንበል። ወይም የዕድገት ችግር እንዳለበት ተነግሯችኋል። የጦር ሰፈሩ ሆስፒታል ደግሞ «እኛ ጋ ይህ አገልግሎት የለም» ብሏችኋል። እንዲህ ሲሆን ቤተሰቡን በመንግሥት ወጪ ወደ አሜሪካ መመለስ ይቻላል። ግን በጥያቄ የሚሰጥ ፈቃድ እንጂ ዝም ብሎ የሚመጣ መብት አይደለም፤ ፈቃዱም የሚገኘው በወረቀት ነው።

ከሁሉም በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። አብዛኛው ወላጅ ማመልከቻ ሲጽፍ የልጁን ስቃይ ይዘረዝራል፤ እናት ስንት ሌሊት እንዳልተኛች፣ ቤቱ እንዴት እንደተመሰቃቀለ። እውነት ነው፣ ያሳዝናል። የሚፈርመው ሰው ግን የሚፈልገው የሦስት ጥያቄዎች መልስ ነው። ልጁ የሚያስፈልገው ሕክምና ምንድን ነው? እዚህ በእርግጥ የለም ወይ? እንሄዳለን ያላችሁበት ቦታስ አለ ወይ? ሦስቱ በሐኪም ወረቀት ከተመለሱ ፋይሉ ይራመዳል። ካልተመለሱ ልጁ የቱንም ያህል ቢታመም «ይሟላ» ተብሎ ይመለሳል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች የመመለሻ ሥራ ነው።

በየትኛው መንገድ እንደምትሄዱ ለዩ

መንገዶቹ አራት ናቸው፣ ሰው ግን ያደባልቃቸዋል። ተደባልቆ የገባ ማመልከቻ ደግሞ ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተት ጊዜ ይበላል።

የመጀመሪያው ጊዜያዊ የሕክምና ጉዞ ነው። ልጁ ቀዶ ጥገና ወይም የተለየ ምርመራ ያስፈልገዋል፣ ከዚያ ይመለሳል። በኮማንድ ስፖንሰርሺፕ፣ ማለትም ከወታደሩ ጋር እንዲኖር ጦሩ በይፋ ፈቅዶለት፣ ባሕር ማዶ የሚኖር የቤተሰብ አባል የሚያስፈልገው ሕክምና በአካባቢው ከሌለ፣ ወደሚገኝበት ቅርብ ቦታ በመንግሥት ወጪ እንዲጓዝ ሕጉ ይፈቅዳል። ሕፃን ብቻውን ስለማይሄድ አንድ ወላጅ አጃቢ ሆኖ ሊሄድ ይችላል። «ቅርብ» የምትለዋን ቃል ግን አትዝለሏት። ጣሊያን ቪቼንሳ ያለ ልጅ ሕክምናው ጀርመን ላንድሽቱል ካለ የሚላከው ወደዚያ ነው እንጂ ሜሪላንድ አይደለም። ላንድሽቱል ከአሜሪካ ውጭ ካሉት የጦሩ ሆስፒታሎች ትልቁ ነው፣ ስለዚህ ስሙን ደጋግማችሁ መስማታችሁ አይቀርም።

ሁለተኛው ቤተሰብን ከጊዜው ቀድሞ መመለስ ነው፣ በጦሩ አጠራር ኢአርዲ። ወታደሩ ምድቡን ሊጨርስ እዚያው ይቀራል፤ ባለቤቱና ልጆቹ ወደ አሜሪካ ይሄዳሉ። የአውሮፕላን ትኬቱንና የዕቃውን ማጓጓዣ መንግሥት ይከፍላል። ልጁ ለረጅም ጊዜ ተከታታይ ሕክምና ሲያስፈልገው ብዙ ጊዜ የሚሠራው ይሄኛው ነው።

ሦስተኛው ወታደሩም አብሮ እንዲሄድ ምደባ ማስቀየር ነው። ምድር ጦር ኮምፓሽኔት ሪአሳይንመንት ይለዋል፣ ባሕር ኃይልና አየር ኃይል ሂዩማኒቴሪያን ይሉታል። ቤተሰብ ስለማይለያይ ሁሉም የሚመኘው ይህን ነው። ችግር አለው ግን። በምድር ጦር ደንብ ይህ በር የተከፈተው በፈቃድ ዕረፍት፣ በውክልና ወይም በዘመድ እርዳታ ለማይፈታ፣ ነገር ግን በአንድ ዓመት ውስጥ ይፈታል ተብሎ ለሚጠበቅ ከባድ የቤተሰብ ችግር ነው። የካንሰር ሕክምና ላይ ላለ ልጅ ሊገጥም ይችላል። ኦቲዝም ግን በዓመት አያልቅም። እንዲህ ላለ ዘላቂ ጉዳይ የሚሻለው መንገድ ከታች በማነሳው በኢኤፍኤምፒ ፋይል በኩል ከምደባ ኃላፊው ጋር መነጋገር ነው።

አራተኛው ቀላሉ ነው። የሚቀጥለው ምደባችሁ የፒሲኤስ ትእዛዝ፣ ማለትም የቋሚ ዝውውር ትእዛዝ፣ እጃችሁ ገብቶ ከሆነ ኢአርዲ መጠየቅ አያስፈልጋችሁም። ኢአርዲ ትእዛዝ ላልወጣለት ሰው ነው። ትእዛዝ ካለ ቤተሰቡ በዚያው ትእዛዝ ከወታደሩ ቀድሞ እንዲሄድ ነው የሚጠየቀው።

እኔን ብትጠይቁኝ፣ የምደባ ዘመናችሁ ሊያልቅ ጥቂት ወራት ከቀሩት መጀመሪያ የምደባ ኃላፊውን አናግሩ። ረጅም ጊዜ ከቀራችሁና ልጁ አሁኑኑ ሕክምና መጀመር ካለበት ወደ ኢአርዲ ሂዱ። አንድ ነገር ግን አስቀድማችሁ ዕወቁ፦ ቤተሰቡ በመንግሥት ወጪ ከተመለሰ በኋላ «ተሻለው፣ እንመለስ» ቢባል፣ በዚያው ምድብ ዘመን መልሶ ለማምጣት መንግሥት በአብዛኛው ሁለተኛ አይከፍልም። ስለዚህ ባልና ሚስት ቁጭ ብላችሁ ሳትነጋገሩ አትፈርሙ።

ደረጃ 1፦ መሠረቱን አጣሩ

ባለቤታችሁና ልጆቻችሁ ኮማንድ ስፖንሰርድ ናቸው? ወደዚያ አገር ስትላኩ በወጣው ትእዛዝ ላይ ስማቸው አለ? በራሳችሁ ወጪ ተከትለዋችሁ የመጡ ከሆነ ነገሩ ይጠብባል፣ እዚህ ላይ ሳትቆዩ የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮውን ጠይቁ። እዚያው የተወለደ ልጅ ካላችሁ ደግሞ ትእዛዙ ላይ በራሱ አይገባም። በውጭ የተወለደ የአሜሪካ ዜጋ መሆኑን የሚያሳየው የቆንስላ ሰነድ፣ ፓስፖርት፣ የጦሩ ቤተሰቦች መዝገብ በሆነው በዲርስ መመዝገብ፣ ከዚያም የኮማንድ ስፖንሰርሺፕ ጥያቄ ያስፈልጋል። የስድስት ወር ሕፃን ይዞ ፓስፖርት የሌለው ቤተሰብ ፈቃዱ ቢወጣለትም መሄድ አይችልም።

በእኛ ሰው ዘንድ የሚበዛ ሌላ ነገር አለ። ባለቤት ገና ዜጋ ሳትሆን ወይም ሳይሆን በግሪን ካርድ ይኖራል። በወታደሩ ትእዛዝ አብሮ ባሕር ማዶ መኖር ግሪን ካርድን እንደመተው አይቆጠርም፤ እንዲያውም የኢሚግሬሽን ሕጉ ያንን ጊዜ ለዜግነት ማመልከቻ አሜሪካ እንደተኖረ አድርጎ የሚቆጥርበት ድንጋጌ አለው። የባለቤት ስም ያለበት የትእዛዝ ቅጂ ግን ስትገቡ ከእጅ እንዳይለይ። የኢትዮጵያ ፓስፖርቱ ጊዜ ካለፈበት ዛሬውኑ ማሳደስ ጀምሩ፣ «ፈቃዱ ይምጣና» አትበሉ። ዜግነት በሂደት ላይ ካለም ከመንቀሳቀሳችሁ በፊት የሰፈሩን የሕግ እርዳታ ቢሮ አማክሩ፣ ነፃ ነው።

ደረጃ 2፦ ልጁን በኢኤፍኤምፒ አስመዝግቡ

ኢኤፍኤምፒ ልዩ ፍላጎት ያለው የቤተሰብ አባል የሚመዘገብበት ፕሮግራም ነው። በሙሉ ጊዜ አገልግሎት ላይ ላለ ወታደር ግዴታ ነው፣ በፈቃደኝነት አይደለም። የሚሞሉት ቅጾች ሁለት ናቸው። ለሕክምናው ዲዲ ፎርም 2792፣ ለትምህርትና ለሕፃናት ቅድመ ድጋፍ ዲዲ ፎርም 2792 ሰረዝ 1። የመጀመሪያውን በዋናነት የሚሞላው ሐኪሙ ነው፤ እናንተ ግን ከማስረከባችሁ በፊት አንብቡት።

እዚህ ላይ በግልጽ እንነጋገር። ብዙ የእኛ ቤተሰብ ይህን ይፈራል። «ልጄ ላይ ስም ይለጠፍበታል»፣ «ማዕረጌን ይይዘዋል»፣ «ዘግይቶ ነው የሚናገረው፣ አጎቱም እንዲሁ ነበር»። ጦሩ ምዝገባው በዕድገት ላይ ተጽዕኖ እንደማያደርግ በይፋ ይናገራል። ባትመዘገቡ ግን የሚጎዳችሁ ነገር አለ፦ ፋይል የሌለው ልጅ አገልግሎት ወደሌለበት ሰፈር እንዲመደብ ማንም አይከለክልም፣ በኋላም ችግሩን ስትናገሩ «እስከዛሬ የት ነበራችሁ» ትባላላችሁ። ጠበል ውሰዱት፣ ጸልዩ፣ ሽማግሌ አማክሩ፤ ምዝገባውን ግን ጎን ለጎን አድርጉት።

ቀድሞ ተመዝግቦ ከነበረም ወረቀቱን አሳድሱት። ምድር ጦር በየ3 ዓመቱ፣ ወይም የልጁ ሁኔታ ሲለወጥ፣ እንዲታደስ ይጠይቃል። ሁለት ዓመት ያለፈው «ቀላል አስም» የሚል ወረቀት ይዞ ልጁ አራቴ ሆስፒታል ስለተኛበት ጉዳይ ማመልከት ራስን መጣል ነው።

ደረጃ 3፦ የሐኪሙ ደብዳቤ

ፋይሉ የሚወድቀውም የሚነሳውም እዚህ ነው። «ይህ ልጅ በአሜሪካ ቢታከም ይጠቀማል» የሚል ደብዳቤ ምንም አይሠራም። ማን ነው የማይጠቀመው? ደብዳቤው ላይ የሕመሙ ስም፣ የሚያስፈልገው ሕክምና ዓይነት፣ በሳምንት ስንት ጊዜ፣ ለምን ያህል ጊዜ፣ በምን ዓይነት ስፔሻሊስት፣ ዘግይቶ ቢጀመር ልጁ ላይ ምን እንደሚደርስ መኖር አለበት። የመጨረሻዋን አትተዉ። ቀስ ብሎ ቢሆን የማይጎዳው ነገር «ምድቡ እስኪያልቅ ይቆይ» ይባላልና።

ለምሳሌ ኮሪያ ካምፕ ሃምፍሪስ ያለ ቤተሰብ እንውሰድ። የአራት ዓመት ልጅ ኦቲዝም እንዳለበት ታውቋል። የልጆች ዕድገት ሐኪሙ ኤቢኤ የሚባለውን የባሕርይ ሕክምና በየሳምንቱ ለብዙ ሰዓት አዝዟል። የጦሩ የጤና መድኅን ትራይኬር ኤቢኤን የሚከፍለው በአሜሪካና በግዛቶቿ ውስጥ ብቻ ነው፣ ባሕር ማዶ አይሸፍነውም። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ጠንካራ ይሆናል፦ የታዘዘው ሕክምና በስም ተጠቅሷል፣ ሰዓቱ ተጠቅሷል፣ እዚያ የማይገኝበት ምክንያት ከሐኪሙ አስተያየት ሳይሆን ከመድኅኑ ደንብ የመጣ ነው፣ ልጁ ደግሞ ዕድሜው ሳያልፍ መጀመር አለበት። «ልጁ ኦቲዝም አለበት፣ ወደ አሜሪካ ብንመለስ ጥሩ ነው» ከሚል ማመልከቻ ጋር አስተያዩት።

ሐኪሙ ሥራ ስለሚበዛበት ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። የሚያስፈልጉትን ነጥቦች በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ስጡት። ቀጠሮ ላይ እንግሊዝኛው ለባለቤታችሁ ከከበደ አስተርጓሚ ጠይቁ። ትልቁን ልጅ የታናሹን ሕመም አስተርጉም ማለት ለልጁም ለሕክምናውም አይሆንም።

ደረጃ 4፦ «እዚህ የለም» የሚለውን በወረቀት አምጡ

ነርሷ በስልክ «ይህ እኛ ጋ የለም» ማለቷ ማስረጃ አይደለም። አባቶች በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ቢሮ ይመስላል። የምትሰበስቡት ከዚህ ሁሉ ነው፦ ከጦሩ ሆስፒታል አገልግሎቱ እንደሌለ ወይም ወረፋው ምን ያህል እንደሆነ የሚገልጽ ማስታወሻ፤ ከባሕር ማዶ ትራይኬር የሪፈራል መልስ፤ የአገሩ ሆስፒታል ተጠይቆ ከሆነ የሰጠው መልስ። ልጁ ከ3 ዓመት በታች ከሆነ በጦር ሰፈሮች የሕፃናት ቅድመ ድጋፍ የሚሰጠውን ኢዲስ ጠይቁ። ትምህርት ቤት ከገባ የጦሩን ትምህርት ቤቶች የሚያስተዳድረው ዶዲያ የሚችለውንና የማይችለውን በጽሑፍ ይስጣችሁ።

የአገሬው ሆስፒታል ጉዳይ ያከራክራል። ጀርመን ወይም ኮሪያ እጅግ ጥሩ ሐኪሞች አሏቸው፣ ስለዚህ ፋይሉን የሚያየው ሰው «ለምን ሴኡል አትሄዱም?» ማለቱ አይቀርም። ይህን ጥያቄ ሳይጠየቅ መልሱት። የንግግር ሕክምና በኮሪያኛ ለሚያስተምር ባለሙያ እንግሊዝኛና አማርኛ የሚሰማ ልጅ መስጠት ትርጉም የለውም፤ ይህ ጥሩ ምክንያት ነው፣ በሐኪሙ እጅ ከተጻፈ። የልብ ቀዶ ጥገና ከሆነ ግን የቋንቋ ምክንያት ብዙም አያስኬድም። ደካማ ምክንያት ከጠንካራው ጋር ስትቀላቅሉ ጠንካራውንም ያደክመዋል፣ ስለዚህ አጥብቃችሁ የምትከራከሩበትን ብቻ አስቀምጡ።

ደረጃ 5፦ መድረሻውን ምረጡ

በኢአርዲ ቤተሰቡ የሚሄድበት ቦታ በትእዛዙ ላይ በስም ይጻፋል። ከዚያ በኋላ «ዳላስ አልተመቸንም፣ ወደ ሲያትል እንሂድ» ቢባል የመንግሥት ገንዘብ የለም፣ እስከሚቀጥለው ምደባ ድረስ። ስለዚህ ቦታው በደንብ ይታሰብበት።

ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ዘመድ ያለበትን ነው። ትክክል ነው፣ ብቻዋን ሦስት ልጅ ይዛ የምትመለስ እናት አያት ወይም እህት ያስፈልጋታል። ነገር ግን ከዘመድ በፊት ሕክምናው። እንደ ዕድል ሆኖ ለብዙዎቻችን ሁለቱ ይገናኛሉ። ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ዘመድ ያለው ሰው ቤተስዳ ያለው ዋልተር ሪድ የጦር ሆስፒታልና ዋሽንግተን ያለው ቺልድረንስ ናሽናል ቅርቡ ናቸው። ሲያትልና ታኮማ አካባቢ ያለው ደግሞ የማዲጋን የጦር ሆስፒታልና የሲያትል ቺልድረንስ አለለት። የዘመድ ቤት ከትልቅ ከተማ በመኪና አምስት ሰዓት የሚርቅ ከሆነ ግን ፋይሉን የሚያየው ሰው «እዚያስ አለ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል፣ ደግሞ ትክክል ነው።

«አዲስ አበባ ልላካቸው፣ እናቴ ጋ ይሁኑ» የሚል ሐሳብም ይነሳል። በውጭ አገር የተወለደ ባለቤት ላለው ወታደር ቤተሰቡን ወደ ባለቤት የትውልድ አገር የመላክ ጥያቄ በልዩ ፈቃድ የሚታይበት ሁኔታ አለ። ለሕክምና ምክንያት ግን አልመክርም። ማመልከቻው «ሕክምናው እዚህ የለም» ብሎ ተነስቶ የባሰ ወደሚጎድልበት ቦታ መሄድ የራሱን ምክንያት ያፈርሳል።

ከመረጣችሁ በኋላ ደውሉ። ሐኪም ቤቱ ትራይኬር ይቀበላል? አዲስ ልጅ ይመዘግባል? ወረፋው ስንት ነው? የልጆች ዕድገት ሐኪም ጋ አሜሪካም ውስጥ ለወራት ይጠበቃል፣ ስለዚህ ከዚያው ሆናችሁ ወረፋ ያዙ። የቀጠሮ ማረጋገጫ ኢሜይል ካገኛችሁ ፋይሉ ውስጥ አስገቡት። ለሦስተኛው ጥያቄ ከዚህ የተሻለ መልስ የለም።

ደረጃ 6፦ ማመልከቻውን አዘጋጁ

ቅጹ እንደየጦሩ ክፍል ይለያያል። በምድር ጦር የሠራተኛ ጉዳይ ጥያቄ የሚቀርበው በዲኤ ፎርም 4187 ነው፤ ለኮምፓሽኔት ምደባ ደግሞ ዲኤ ፎርም 3739 አለ። ሌሎቹ የራሳቸው አላቸው። የጉዞውን ክፍያ የሚገዛው ግን ለሁሉም የጋራ የሆነው የጉዞ ደንብ ነው፣ ጄቲአር። ቢሮ ውስጥ «እንዲህ ያለ ነገር የለም» የሚላችሁ ሰው ካጋጠማችሁ በትሕትና ጄቲአር ላይ ስለ ቤተሰብ ቀድሞ መመለስ የሚለውን ክፍል አብረን እንይ በሉት። ወጣት ጸሐፊዎች ጉዳዩን በሥራ ዘመናቸው አንዴም ላያዩት ይችላሉ፣ አትጣሏቸው።

ከቅጹ ጋር የወታደሩ ደብዳቤ ይያያዛል። ከአንድ ገጽ አይለፍ። መጀመሪያው አረፍተ ነገር ላይ የምትጠይቁትን በቀጥታ ተናገሩ፣ የእኛ ሰው ከሰላምታና ከምስጋና ተነስቶ ጉዳዩን መጨረሻ ላይ ያደርጋል፣ እዚህ አይሠራም። ከዚያ ሦስቱን መልሶች በተራ፣ እያንዳንዱን ከየትኛው አባሪ ጋር እንደሚገናኝ እየጠቆማችሁ። ከዚያ ሌላ ምን እንደሞከራችሁ። በመጨረሻ መድረሻው ቦታ፣ የሚሄዱት ሰዎች ስም፣ የምትፈልጉት ቀን። የቤቱን ጭንቀት መጻፍ ከፈለጋችሁ ሁለት አረፍተ ነገር ይበቃል።

ባለቤትም ሐሳቡን በጽሑፍ ቢያስቀምጥ ጥሩ ነው። ኢአርዲ ለትዳር ጉዳይም ስለሚጠየቅ፣ አዛዡ ሁለቱ እንደተስማሙ ማወቅ ይፈልጋል።

አሁን አዛዡ። ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ከመድረሱ በፊት ጉዳዩን ከእናንተ አፍ ይስማ። የቅርብ አለቃችሁን፣ በተለይ ፈርስት ሳርጀንቱን፣ ቀድማችሁ አናግሩ። አለቃን ዘሎ መሄድ በጦሩም በእኛም ነውር ነው። ድጋፍ የሚሰጥ ማስታወሻ እንዲጽፉላችሁ ጠይቁ። የሰፈሩ ቄስ፣ ማለትም ቻፕሊኑ፣ የሃይማኖት ልዩነት ሳይለይ ያግዛል፣ እንዲህ ባለ ጉዳይ ብዙ ጊዜ የሚሠራው ከኋላ ነው።

ያስገባችሁትን ሁሉ ቅጂ ያዙ። የተቀበለውን ሰው ማዕረግና ቀኑን ጻፉ። በየሳምንቱ በጨዋነት ጠይቁ። ዝም ያለ ፋይል ሥር ይቀበራል።

ደረጃ 7፦ ገንዘቡን አስሉ

ስለዚህ ማንም አያወራም፣ ከሁሉ በላይ የሚያምሰው ግን ይሄ ነው። ቤተሰቡ ሲሄድ ሁለት ቤት ይሆናል። የቤት ኪራይ አበሉ፣ ቢኤኤች፣ በአጠቃላይ ቤተሰቡ በሚኖርበት ቦታ መጠን ይታሰባል፤ ወታደሩ ባሕር ማዶ ያገኝ የነበረው የኑሮ ውድነት ድጎማና የቤት አበል ግን ቤተሰብ እንደሌለው ሰው ይሆናል። በጦሩ ቤት የምትኖሩ ከሆነ ቤቱን መልቀቅና ወደ ነጠላ ወታደር መኖሪያ መዛወር ይመጣል። ስለዚህ ፊርማ ከማድረጋችሁ በፊት ከፋይናንስ ቢሮው ጋር ቁጭ ብላችሁ የሚቀጥለው ደመወዝ ምን እንደሚመስል በወረቀት አስጽፉ። የቤተሰብ መለያየት አበል ይገባችሁ እንደሆነም እዚያው ጠይቁ፣ ደንቡ ጠማማ ስለሆነ ከጓደኛ ሰምታችሁ በጀት አታውጡ።

ለመጀመሪያው ወር ኪራይና ማስያዣ ካጠራችሁ ለምድር ጦር አርሚ ኢመርጀንሲ ሪሊፍ፣ ለባሕር ኃይልና ለማሪን ኔቪ ማሪን ኮር ሪሊፍ ሶሳይቲ አለ። አየር ኃይልም የራሱ የእርዳታ ማኅበር አለው። ወለድ የሌለው ብድር፣ አንዳንዴም ስጦታ ይሰጣሉ። ዕቁብ ከመሰብሰብና ከክሬዲት ካርድ በፊት እነሱን ጠይቁ።

ደረጃ 8፦ ትእዛዝ ሳይወጣ አትንቀሳቀሱ

ይህን በትልቁ ጻፉት። ፈቃዱ «ሊወጣ ነው» ሲባል ርካሽ ትኬት አግኝቶ መግዛት፣ «በኋላ ይመልሱልኛል» ብሎ ማሰብ፣ ገንዘብ የሚጠፋበት ዋናው መንገድ ነው። ትኬቱ የሚቆረጠው በጦሩ የጉዞ ቢሮ በኩል ነው። ያለ ትእዛዝ በራስ ወጪ የሄደ ቤተሰብ ወጪውን በአብዛኛው አያገኝም። ልጁ በድንገት ታሞ መጠበቅ የማይችል ከሆነ መልሱ በራስ ትኬት መግዛት ሳይሆን ከላይ ያልኩት የመጀመሪያው መንገድ ነው፣ የሕክምና ጉዞ። ሐኪሙን በዚያ በኩል ግፉት።

ዕቃ ስትልኩ ሁሉንም አትጫኑ፣ የሚቀረው ሰው የሚተኛበትና የሚያበስልበት ይቅርለት። የልጁ የሕክምና ፋይል፣ የምስል ሲዲዎች፣ የክትባት ካርድ፣ የትምህርት ቤቱ አይኢፒ (የልጁ የልዩ ትምህርት ዕቅድ) በእጅ ሻንጣ ይሂዱ እንጂ ወራት በባሕር በሚጓዘው ኮንቴይነር አይገቡም። አዲስ ሐኪም እስኪገኝ የሚበቃ መድኃኒትም ይያዝ። ሌላው ውክልና ነው። የሄደችው ወይም የሄደው ባለቤት ቤት ለመከራየት፣ መኪና ለማስመዝገብ፣ ከባንክ ጋር ለመነጋገር የወታደሩ ውክልና ያስፈልጋል፣ የሕግ እርዳታ ቢሮው በነፃ ያዘጋጃል።

ከደረሳችሁ በኋላ

መጀመሪያ በዲርስ ላይ አድራሻ ቀይሩ። ከዚያ ትራይኬርን ከባሕር ማዶው ወደ አሜሪካው አዛውሩ። በምሥራቁ ክልል የሚያስተዳድረው ሂዩማና ሚሊተሪ ነው፣ በምዕራቡ ከ2025 ጀምሮ ትራይዌስት። መኖሪያ ሲለወጥ ፕላን ለመቀየር የሚሰጠው ጊዜ 90 ቀን ነው፣ እናንተ ግን በመጀመሪያው ሳምንት ጨርሱት። ባሕር ማዶ የተሰጣችሁ ሪፈራል ተከትሏችሁ ይመጣል ብላችሁ አትቀመጡ፤ አዲስ የቤተሰብ ሐኪም ይዛችሁ አዲስ ሪፈራል ጠይቁ።

ኤኮ የሚባለውን የትራይኬር ተጨማሪ ድጋፍ ብዙ ሰው አያውቀውም። ከባድ የአካል ወይም የዕድገት ችግር ላለባቸው ልጆች ሲሆን፣ መደበኛው መድኅን የማይሸፍናቸውን አንዳንድ አገልግሎቶችና መሣሪያዎች ይሸፍናል፤ ለአብዛኞቹ ጥቅሞች በዓመት እስከ 36,000 ዶላር። ለመግባት ልጁ በኢኤፍኤምፒ መመዝገብ አለበት። ደረጃ 2ን የዘለለ ሰው እዚህ ይቆጨዋል።

ዕድሜው ከ3 በታች ከሆነ በግዛቱ የሕፃናት ቅድመ ድጋፍ ፕሮግራም አስመዝግቡት። ከ3 ዓመት በላይ ከሆነ ለአካባቢው የሕዝብ ትምህርት ቤት ገና ትምህርት ባይጀምርም በጽሑፍ ግምገማ ጠይቁ። አይኢፒ ይዞ ከመጣ አዲሱ ትምህርት ቤት ተመጣጣኝ አገልግሎት እየሰጠ የራሱን ያዘጋጃል፣ «ከዜሮ እንጀምር» ካሏችሁ አትቀበሉ። የግዛቱ የሜዲኬይድ ዌቨር (ልዩ ፍላጎት ላለው ሰው በቤቱ ሆኖ የሚያገኘው የመንግሥት ድጋፍ) ወረፋ በአንዳንድ ቦታ ዓመታት ይፈጃል፣ ስለዚህ ባያስፈልጋችሁም እንኳ ስማችሁን አስገቡ።

ግራ ሲገባችሁ የወታደር ቤተሰቦች የስልክ እርዳታ የሆነው ሚሊተሪ ዋንሶርስ በ800-342-9647 ሌት ተቀን ይሠራል፤ የልዩ ፍላጎት አማካሪ አገናኙኝ በሉ። አስተርጓሚ መጠየቅም ይቻላል።

ቢከለከልስ?

ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቁ። አብዛኛው ክልከላ ከሦስቱ ጥያቄዎች አንዱ ሳይመለስ ከመቅረቱ የመጣ ነው፣ የትኛው እንደሆነ ስታውቁ የጎደለውን ወረቀት አምጥታችሁ እንደገና ታስገባላችሁ። ያንኑ ፋይል ሳትነኩ መልሶ ማስገባት ግን ከንቱ ነው። በተለይ በምድር ጦር ኮምፓሽኔት ምደባ ላይ ተጠንቀቁ፦ ለዚያው የቤተሰብ ችግር እንደገና እንዲታይ የሚጠየቀው አንዴ ብቻ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን «እንሞክረው» ብላችሁ ጎዶሎ አታስገቡ።

ሐኪሙ ደብዳቤ አልጽፍም ካለ የሆስፒታሉን የታካሚ ጉዳይ ተጠሪ አናግሩ፣ ሁለተኛ ሐኪምም ጠይቁ። ፋይሉ ያለ መልስ ከተቀመጠ ኢንስፔክተር ጄኔራል ቢሮ አለ፣ አለቆቻችሁን ጠይቃችሁ መልስ ካጣችሁ በኋላ። ከዚያ ሌላ የቀረው የግዛታችሁ የኮንግረስ አባል ቢሮ ነው። ይህ እንደ ክስ አይቆጠርም፣ ቢሮዎቹ እንዲህ ያለ ጉዳይ በየቀኑ ያያሉ። ድረ ገጻቸው ላይ የግል መረጃ መልቀቂያ ቅጽ አለ፤ ወታደሩ ይፈርምበታል፣ የማመልከቻውን ቀን፣ የሐኪሙን ደብዳቤና የተሰጣችሁን መልስ አያይዛችሁ ትልካላችሁ። እነሱ ጦሩን በይፋ ይጠይቃሉ፣ ጦሩም መልስ መስጠት አለበት።